«ኢፍ» ያለችው እንጀራ እናት፦ እንግሊዝኛን ከተረት ፊልም መማር

እንግሊዝኛሽን በምን አሻሻልሽው ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። በተረት ፊልም ስላቸው ትንሽ ዝም ይላሉ። የዜና ጣቢያ፣ ፖድካስት ወይም አንድ ወፍራም የግራመር መጽሐፍ እንድጠራላቸው ነበር የጠበቁት። አይጥ የሚናገርበትና ዱባ ሠረገላ የሚሆንበት ካርቱን ለአዋቂ ሰው ትምህርት ይሆናል ብሎ ማመን ለብዙዎች ይከብዳል። እኔ ግን ከልቤ ነው የምለው። እንግሊዝኛን ለዓመታት በወረቀት ተምሮ፣ ፈተናውንም አልፎ፣ ሰው ፊት ለፊት ሲያናግረው ግን ግማሹ ለሚያመልጠው ሰው ከተረት ፊልም የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ይህን የምለው ፊልሙ ለልጆች ስለተሠራ ይቀላል ብዬ አይደለም። እንዲያውም አይቀልም፣ ወደዚያ እመጣለሁ። ዋናው ነገር ታሪኩን አስቀድመን ማወቃችን ነው።

አዲስ ፊልም ስናይ ጭንቅላታችን ሥራ ይበዛበታል። ይሄ ሰውዬ ማነው? ለምን ተደበቀ? ያቺኛዋስ እህቱ ናት ሚስቱ? በዚህ ተጠምደን ሳለ ንግግሩ ያልፈናል። የሲንደሬላን ታሪክ ግን ማን የማያውቅ አለ? እንጀራ እናቷ ታሠቃያታለች፣ ግብዣው ላይ ትሄዳለች፣ እኩለ ሌሊት ሲሆን ትሮጣለች፣ አንድ ጫማዋ ይቀራል፣ በጫማው ትገኛለች። በቃ። ቀጥሎ ምን ይመጣል የሚል ጥያቄ ስለሌለ ጆሯችን «ይህን ነገር እንዴት ብለው ነው የተናገሩት?» ወደሚለው ይዞራል። ሪቻርድ ሽሚት የሚባል የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው የታወቀ ጽሑፍ ያነሳው ሐሳብ ይኸው ነው፤ አንድ የቋንቋ ቅርጽ ልብ ካላልነው በጆሯችን ስላለፈ ብቻ የእኛ አይሆንም ይላል። ልብ ለማለት ደግሞ ሐሳባችን ሌላ ቦታ መጠመድ የለበትም። የታወቀ ተረት ያንን ፋታ ይሰጠናል።

አሁን ወደ ቃላቱ። ስቱዋርት ዌብ እና ማይክል ሮጀርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የ318 ፊልሞችን ቃላት መርምረዋል። በእንግሊዝኛ በብዛት የሚሠራባቸውን 3,000 የቃል ቤተሰቦች የሚያውቅ ሰው፣ የሰውና የቦታ ስሞች ሲጨመሩለት፣ በፊልም ከሚሰማው ቃል 95 በመቶ ያህሉን ያውቀዋል። 98 በመቶ ለመድረስ 6,000 ያስፈልገዋል። የቃል ቤተሰብ ሲባል አንድ ቃል ከነእርባታው ማለት ነው። ከእነሱ በፊት ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ተመሳሳይ ስሌት ሲሠራ ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ ሽሬክ የተባለው የተረት ካርቱን ነበር፤ 98 በመቶውን ለማወቅ 7,000 ያህል የቃል ቤተሰቦች እንደሚያስፈልጉ ነው ያገኘው። ስለዚህ «የልጆች ፊልም ነው፣ ቃሉ ቀላል ነው» የሚባለው አያስኬድም።

95 በመቶም ቢሆን እኮ ከሃያ ቃል አንዱ አይታወቅም ማለት ነው፤ በፈጣን ንግግር ውስጥ ይህ ብዙ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በማናውቀው ታሪክ ውስጥ ያ አንድ ቃል መንገድ ይዘጋብናል። በምናውቀው ተረት ውስጥ ግን ምስሉም፣ ከልጅነት የቀረልን ትዝታም ክፍተቱን ይሞላልናል፤ ቃሉን የምንገምተው ከባዶ ተነስተን አይደለም።

እኔ ደጋግሜ ያየሁት ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣውን የሲንደሬላ አኒሜሽን ነው። ርዝመቱ 74 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ለመደጋገም አይሰለችም። እዚያ ውስጥ አንድ አጭር ትዕይንት አለ። ከቤተ መንግሥት ጥሪ ይመጣል፤ ለጋብቻ የደረሰች ሴት ሁሉ ግብዣው ላይ እንድትገኝ የሚያዝ ነው። ሲንደሬላ፣ እንዲያ ከሆነ እኔም መሄድ እችላለሁ ትላለች። የእንጀራ እናቷ ልጆች ይስቁባታል። እንጀራ እናትየው ግን አትቆጣም። የማትሄጂበት ምክንያት አይታየኝም ትላታለች፣ ሥራሽን ሁሉ ከጨረስሽ። ሲንደሬላ ቃል ትገባለች። ሴትዮዋ ትጨምራለች፦ የሚሆን ልብስም ካገኘሽ። ልጅቷ በደስታ እየከነፈች ትወጣለች። ሁለቱ ልጆች ግን እናታቸውን ያፋጥጧታል፤ ምን እንዳልሽ ገብቶሻል ወይ ነው ነገሩ። እሷ ረጋ ብላ መልሷን ትሰጣለች። «ኢፍ» ነው ያልኩት።

ይህን ስሰማ ፊልሙን ፖዝ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። «ኢፍ»ን በትምህርት ቤት በሦስት ሳጥን ከፋፍለን ነበር የተማርነው፤ ፈርስት ኮንዲሽናል፣ ሰከንድ ኮንዲሽናል፣ ተርድ ኮንዲሽናል፣ ለእያንዳንዱ ቀመር። ቀመሩን በደንብ አውቀው ነበር። ሰው ሰውን ለማጥመድ የሚጠቀምበት ነገር መሆኑን ግን ማንም አላሳየኝም። ያቺ ሴትዮ ልጅቷን ለመከልከል አንድም የእምቢታ ቃል አላወጣችም። ሙሉውን ክልከላ አንዲት ትንሽ መስተጻምር ላይ አስቀመጠችውና በፈገግታ አለፈች። ይህን ያየ ሰው «ኢፍ»ን ሊረሳ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን መበተን ጀመርኩ። መጀመሪያ ያየሁት ከ«ኢፍ» በኋላ «ዊል» አለመኖሩን ነው። ሥራው ገና አልተሠራም፣ ወደፊት ነው የሚሠራው፤ ግሱ ግን በፕሬዘንት ነው የመጣው፣ «ኢፍ ዩ ጌት» እያለ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ «ኢፍ ዩ ዊል» ማለት ያምረናል፤ ነገሩ የወደፊት ነዋ። ግን እስቲ የራሳችንን እንይ። «ከጨረስሽ ትሄጃለሽ» ስንል ገና ስላልተፈጸመ ነገር እየተናገርን ነው፣ «ጨረስሽ» ግን ያለፈ ጊዜ ቅርጽ ነው። ማንም አስተምሮን አይደለም፤ «ከትጨርሺያለሽ» የሚል ሰው የለም። ሁለቱም ቋንቋዎች ቅድመ ሁኔታው ላይ የወደፊት ጊዜ ምልክት አያስቀምጡም፤ እንግሊዝኛው ፕሬዘንትን ይመርጣል፣ አማርኛው ያለፈውን። ይህን ካየሁ በኋላ ደንቡ እንግዳ መሆኑ ቀረ።

ቀጥሎ ያየሁት ቅደም ተከተሉን ነው፣ ይሄ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይገርመኛል። በአማርኛ ቅድመ ሁኔታው ቀድሞ ነው የሚመጣው። «ሥራሽን ከጨረስሽ መሄድ ትችያለሽ» እንላለን። ሰሚው ፈቃዱን ከመስማቱ በፊት ገደቡን ሰምቷል። እንግሊዝኛው ግን ፈቃዱን አስቀድሞ፣ ደስታውን ለቆ፣ ገደቡን ከኋላ ማንጠልጠል ይችላል። የሴትዮዋ ተንኮል የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ሲንደሬላ ፈቃዱን ሰምታ ፊቷ ከበራ በኋላ ነው «ኢፍ» የሚመጣው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ቃል ብትገባም የገደቡ ክብደት አይታያትም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው እሺ ሲለኝ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፤ በሥራ ኢሜይል ላይም፣ በውል ላይም።

ተረት ለሦስተኛው ዓይነት ኮንዲሽናልም ምቹ ነው። «ቀድማ ብትወጣ ኖሮ ጫማዋ ባልቀረ ነበር» የሚለውን ለመለማመድ በመጀመሪያ ሆኖ ያለፈ፣ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ያስፈልጋል። የግራመር መጽሐፍ ሰውና ነገር ከአየር ላይ ይፈጥራል፣ ቀድሞ ቢነሳ ኖሮ አውቶቡሱ ባላመለጠው ይላል፤ ሰውዬውን አናውቀው፣ አውቶቡሱም አይገደን። የሲንደሬላ ጫማ ግን ይገደናል። ባይቀር ኖሮ ማንም አያገኛትም ነበር። እኔ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ታሪኩን በ«ኢፍ» እያፈረስኩ እሠራዋለሁ፤ ሰዓቱ ባይደውል፣ በሩ ባይቆለፍ፣ ልዑሉ ስሟን ቢጠይቅ። አፍ ይፈታል። በእርግጥ ይፈታል።

ስለ አርቲክል ብዙ ሰው ሲያማርር እሰማለሁ፣ መቼ «አ» መቼ «ዘ» እንደሚባል። የተረት አጀማመር ከማንኛውም ሠንጠረዥ በላይ ያስረዳል። ተራኪው መጀመሪያ አንድ ሩቅ አገር፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ብሎ በ«አ» ያስተዋውቃል፤ ካስተዋወቀን በኋላ ግን ልጅቷን ደግመን በ«አ» አንሰማትም። እኛስ? «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ንጉሥ ነበር። ንጉሡ ሦስት ልጆች ነበሩት።» ሁለተኛው ላይ «ንጉሥ ሦስት ልጆች ነበሩት» ብንል ጆሮ ይቆረቁራል። «ዘ» ከቃሉ ፊት የምትሠራውን ሥራ አብዛኛውን ከቃሉ መጨረሻ ላይ የምናስቀምጣት ድምፅ ትሠራልናለች። ሁሉንም አይሸፍንም፣ እንግሊዝኛው እኛ ባዶ የምንተውበት ቦታ ላይ «አ» ይፈልጋል፤ «መጽሐፍ ገዛሁ» ብለን ዝም እንላለን፣ እነሱ ዝም አይሉም። ግን መሠረቱ አዲስ አይደለም።

የዚህ ሁሉ ጫፍ ያለው የፊልሙ መጨረሻ ላይ ነው። የመስታወቷ ጫማ ልትለካላት ስትመጣ እንጀራ እናትየዋ ጫማውን የያዘውን አገልጋይ በዘንጓ ታሰናክለዋለች። ጫማው ይሰበራል። ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል። ያን ጊዜ ሲንደሬላ ሌላኛው እኔ ጋ አለ ብላ ታወጣለች። «ዚ አዘር» ነው ያለችው። «አናዘር» ብትል ኖሮ ሌላ የሆነ ጫማ አለኝ ማለቷ ነበር፣ ማንም ሰው ሌላ ጫማ ይኖረዋል፤ ምንም አያረጋግጥም። «ዚ አዘር» ግን ከሁለቱ የቀረው፣ የዚያኛው ጥንድ ማለት ነው። በአማርኛም «ሌላ ጫማ አለኝ» እና «ሌላኛው ጫማ እኔ ጋ ነው» አንድ አይደሉም። ልጅቷ ማንነቷን ያረጋገጠችው በአንድ አርቲክል ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ይህን ትዕይንት ያየ ተማሪ «አናዘር» እና «ዚ አዘር» ለምን እንደሚለያዩ የሚያስረዳ ማስታወሻ አያስፈልገውም።

ስለ ድምፅ ልናገር። ጥሩ እንግሊዝኛ ለመስማት ክፉዋን ሴትዮ ተከተሉ። በዚህ ፊልም ውስጥ እንጀራ እናትየዋን በድምፅ የተጫወተችው ኤሊነር ኦድሊ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣው የተኛችው ልዕልት ፊልም ላይም የክፉዋ ጠንቋይ ድምፅ እሷ ናት። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። እያንዳንዱን ቃል ትጨርሳለች፣ ዓረፍተ ነገሮቿ ሙሉ ናቸው፣ ትእዛዟን እንኳ በጨዋ ቃል ትሸፍነዋለች። የተረት ክፉዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ ኃይል ያለው ሰው አይቸኩልም። ለተማሪ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። አይጦቹ ግን ተቃራኒ ናቸው። ፈጥነው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው፣ ግራመሩን ሰባብረው ነው የሚያወሩት፣ ሆን ተብሎ። የልጅቷን ስም እንኳ ቀይረው ይጠሯታል። መጀመሪያ ስሰማቸው አንድም ቃል አልያዝኩም። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ለሆነ ሰዎችም ቀላል አይደሉምና ባይገቧችሁ አትጨነቁ፣ ዝለሏቸው።

ጆሮን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማይነግራችሁ። «ካን» እና «ካንት»ን የሚለየው መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ትመስለናለች። በፈጣን ንግግር ውስጥ ግን ያቺ ድምፅ ትዋጣለች፣ በተለይ በአሜሪካኖች አነጋገር። እነሱ የሚለዩት በጉልበቱ ነው። «እችላለሁ» ሲሉ «ካን» ይሰልላል፣ አናባቢው ይጠፋና «ክን» ይሆናል፤ ክብደቱ ቀጥሎ ያለው ግስ ላይ ይወድቃል። «አልችልም» ሲሉ ደግሞ ቃሉ ራሱ ይጎላል። ሄዳለች አትሄድም በሚል ክርክር ላይ በቆመ ታሪክ ውስጥ ይህን መለየት ተማርኩ፣ ምክንያቱም ማን እንደፈቀደና ማን እንደከለከለ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ጆሮዬን ከእውቀቴ ጋር ማመሳከር ብቻ ነበር የቀረኝ።

ሰብታይትል ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። የአማርኛ ሰብታይትል ለመዝናናት ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛ ለመማር ግን ይጎትታል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፣ የቋንቋዎቹ አቀማመጥ ነው። እንግሊዝኛ ግሱን ከባለቤቱ አስከትሎ ወዲያው ይናገራል። አማርኛ እስከ መጨረሻው ያቆየዋል። «ልዑሉ ከማትታወቀው ልጅ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ጨፈረ» የሚለውን ዓይናችሁ አንብቦ «ጨፈረ» ላይ ሲደርስ፣ ጆሯችሁ ያንን ግስ ከሰማው ቆይቷል፤ አሁን የሚሰማው ስለ ሌሊቱ ነው። ዓይንና ጆሮ አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም። የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ከሆነ ግን የሚሰማውና የሚነበበው አብሮ ይሄዳል። በተረት ፊልም ይህ ሌላም ጥቅም አለው፣ የተረት ቃላት በማይነበቡ ፊደላት የተሞሉ ናቸውና። «ካስል» ሲጻፍ መሐሉ ላይ «ቲ» አለችበት። ፈረሰኛው «ናይት» በ«ኬ» ይጀምራል፣ ስንሰማው ግን ከሌሊቱ «ናይት» አይለይም። «ሶርድ» ውስጥ «ደብልዩ» ተደብቃለች። እነዚህ ፊደላት የቀሩት በድሮ ዘመን ይነበቡ ስለነበር ነው፤ አነባበቡ ሲለወጥ አጻጻፉ ባለበት ቆመ። ቃሉን በጆሮ ብቻ የያዘ ሰው ሲያነበው አያውቀውም፣ በዓይን ብቻ የያዘ ደግሞ ሲሰማው።

የትኛውን ቃል እንያዝ? እዚህ ላይ ጨካኝ ነኝ። አስማተኛዋ የያዘችው በትር፣ ሠረገላው፣ እርግማኑ፣ የእንዝርቱ ስም፣ እነዚህ ያምራሉ፣ ግን ደብተሬ ውስጥ አይገቡም። አንዴ ከገቡኝ ይበቃል። የምጽፈው ነገ ልናገረው የምችለውን ነው። ያቺው እንጀራ እናት «የሚሆን ልብስ» ስትል የተጠቀመችበትን «ሱተብል» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በሥራ ማስታወቂያ ላይ አለ፣ በማመልከቻ ላይ አለ፣ ለስብሰባ ሰዓት ስንስማማም እንለዋለን። ከዚያ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱት ግሶች አሉ፤ «ዌክ አፕ»፣ «ፑት ኦን»፣ «ቴክ ኦፍ»፣ «ሎክ አፕ»፣ «ራን አወይ»። ስትሠራ ስለምትውል የቤት ልጅ የሚያወራ ታሪክ በእንዲህ ዓይነት ግሶች ነው የሚሄደው፤ ከእንቅልፍ መነሳት፣ መልበስ፣ ማውለቅ፣ መቆለፍ፣ መሮጥ። መጽሐፍ ላይ በዝርዝር ሲመጡ ሁሉም ይመሳሰላሉ። ሰው በር ሲቆለፍበት እያያችሁ ስትሰሙት ግን «አፕ» እዚያ ምን እንደምትሠራ መጠየቅ ትተዋላችሁ፤ ድርጊቱ ራሱ ይነግራችኋል።

አስማተኛዋ ስለ እኩለ ሌሊት የምትሰጠው ማስጠንቀቂያም አለ። ድግምቱ ይፈታል ስትል ማን እንደሚፈታው አትናገርም፣ በፓሲቭ ነው የምታስቀምጠው። ማንም አይፈታውምና ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ይፈታል። ፓሲቭ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረዳት አያሻም።

አሠራሬን የሚጠይቁኝ ስላሉ ልንገራችሁ። ፊልሙን ሙሉ አላይም፣ ከሁለት ሦስት ደቂቃ የማይበልጥ አንድ ትዕይንት እመርጣለሁ። መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ እሰማለሁ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ሰብታይትል አያለሁ፣ ከዚያ ጽሑፉን አጥፍቼ ከተናጋሪዋ ጋር እኩል እናገራለሁ፣ ቁጣዋንም ሳይቀር። ይሄ ሁሉ ግን መንደርደሪያ ነው። እውነተኛው ሥራ ትዕይንቱን በራስ አፍ ለሌላ ሰው መተረክ ነው፣ ሰው ከሌለ ለስልክ ድምፅ መቅጃ። እዚያ ላይ ነው ግራመር የሚፈተነው፣ ምክንያቱም ገጸ ባሕሪዎቹ በፕሬዘንት የተናገሩትን ነገር ስንተርከው ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብናል።

ይህች ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ከባድ ናት፣ ትንሽ ልቆይባት። እኛ የሰውን ንግግር ስናቀብል ንግግሩን እንዳለ ነው የምናነሳው። «ሥራሽን ከጨረስሽ ትሄጃለሽ አለቻት» እንላለን፤ ግሱ አይነካም፣ «አለቻት» ብቻ ይጨመርበታል። እንግሊዝኛ ግን ንግግሩን ሲያቀብል ሁሉንም አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ «ካን» የነበረው «ኩድ» ይሆናል፣ «ዊል» የነበረው «ውድ»፣ «ጌት» የነበረው «ጋት»፣ «አንቺ»ም «እሷ» ትሆናለች። ሕጉን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ በንግግር መሐል አራቱንም በአንዴ መቀየር ሌላ ነገር ነው። የእንጀራ እናቲቱን አንድ ዓረፍተ ነገር ለሰው ማቀበል መቻል ለእኔ ትልቅ ድል ነበር። አሁን በሥራ ስብሰባ ላይ እገሌ እንዲህ አለ ብዬ ስናገር የምተማመነው ያኔ በተለማመድኩት ነው።

ይህ ዘዴ የማይሠራበትም ቦታ አለ። በተረት ፊልም ውስጥ ሰው የሰውን ንግግር ብዙ አያቋርጥም፣ አይንተባተብም፣ ሐሳቡን መሐል ላይ አይቀይርም። እውነተኛ ሰዎች ይህን ሁሉ ያደርጋሉ። ስለዚህ ጆሮ ከተከፈተ በኋላ ወደ ተራ ወሬ፣ ወደ ቃለ መጠይቅ መሄድ ግድ ነው። መዝሙሮቹም ለግራመር አይሆኑም፤ ለዜማና ለቤት መምቻ ሲባል የቃል ቅደም ተከተል ይዛባል። ለአነባበብ ግን ጥሩ ናቸው፣ የትኛው ቃል ላይ ድምፅ እንደሚያርፍ ይነግራሉና።

በቅርቡ ፊልሙን ትቼ ወደ ንባብ ዞሬያለሁ፣ ያው ታሪክ ሆኖ በሌላ እጅ። የመስታወት ጫማውም፣ ከዱባ የሚሠራው ሠረገላም የመጡት ፈረንሳዊው ቻርልስ ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ካሳተመው ነው። ጀርመኖቹ ወንድማማቾች ግሪም እ.ኤ.አ. በ1857 ባወጡት የመጨረሻ እትም ግን ሠረገላ የለም፤ ልብሱን የምታወርድላት በእናቷ መቃብር ላይ በበቀለው ዛፍ የምታርፍ ወፍ ናት። ቃላቱ ይለወጣሉ፣ ታሪኩን ግን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛው ትርጉም ላይ ለአዲስ ግራመር ፋታ አለኝ። እዚያም እንጀራ እናትየዋ ግብዣውን በቅድመ ሁኔታ ነው የምታስረው። ምስር አመድ ውስጥ ትደፋና በሁለት ሰዓት ውስጥ ለቅመሽ ከጨረስሽ አብረሽን ትሄጃለሽ ትላለች። እዚህ ከ«ኢፍ» በኋላ የመጣው ተራው ፕሬዘንት አይደለም፣ ፕሬዘንት ፐርፌክት ነው፤ ሥራው ተጀምሮ ሳይሆን ተጠናቆ መገኘት ስላለበት። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የምለማመደው ይህንን ነው።